ይህ ዛፍ የማን ነው?

ወረቀት የያዘ ሰው ደጃችሁ ላይ ቆሞ ያውቃል? እስክሪብቶውን ጆሮው ላይ ሰክቶ፣ ዓይኑን ከአጥሩ ወደ ጣሪያው፣ ከጣሪያው ወደ በረንዳው እያንከራተተ፣ «ይኼ የማን ነው?» የሚለውን ዓይነት ሰው ማለቴ ነው። እኔ የማውቀው ሰው ሁሉ ለዚህ ጥያቄ መልሱን አዘጋጅቶ ነው የሚኖረው። ዶሮዋ ከእጁ ጥሬ እየለቀመች «የጎረቤት ናት» ይላል። በረንዳውን ትናንት ሲሚንቶ ያስለበሰው ሰውዬ «ስንገባም እንዲሁ ነበር» ይላል። ውሸታም ሆኖ አይምሰላችሁ። «የኔ ነው» ያለ ሰው ምን እንደሚገጥመው አባቱም አያቱም አይተው ነግረውታል፤ ወይ ግብር ይመጣበታል፣ ወይ መዋጮ ይመጣበታል፣ ወይ ደግሞ ያ የኔ ያለው ነገር ራሱ ይሄድበታል። ስለዚህ ሳያስብ ይክዳል፤ ለሰላምታ «ደኅና» እንደሚለው ሁሉ መካዱም ከአፉ ላይ ያለ ነው።

ሐጂ ይማምም የካዱት በዚሁ ልማድ ነው።

ሐጂን ላስተዋውቃችሁ። የወሎ ሰው ናቸው። በጉብዝናቸው ጨርቅ ተሸክመው ወደ አሰብ ወረዱና እዚያው ሸበቱ። ስኳርና ሩዝ፣ ሽርጥና የእጅ ባትሪ የሚሸጡባት ሱቃቸው ከእኔ የቬንቲሌተር መጠገኛ ጋር ግድግዳ ትጋራለች፤ በመካከላችን ያለው ቆርቆሮ ስስ ስለሆነ እሳቸው ሲያስነጥሱ «ይማርዎ» የምለው እኔ ነኝ። ረጅምና ቀጭን ናቸው። ሌላው ሰው ሲቆጣ ድምፁ ከፍ ይላል፤ የእሳቸው ግን ዝቅ ይላል። ኤርትራ ነጻ ከወጣች ወዲህ እሳቸውም እኔም የመኖሪያ ፈቃድ ይዘን የምንኖር የውጭ ዜጎች ሆነናል። እኔ ፈቃዴን መሣሪያ ሳጥን ውስጥ ከፒንሳ ጋር ወርውሬዋለሁ። ሐጂ የእሳቸውን በላስቲክ ጠቅልለው ልባቸው ላይ፣ የሸሚዝ ኪሳቸው ውስጥ ይዘው ይዞራሉ። ሲያስነጥሱ እንኳ ኪሳቸውን ይዳብሳሉ።

ከሱቃቸው ፊት አንድ ኒም የሚባል ዛፍ ነበር። አሰብን ለማታውቁ፣ እዚያ ከረፋድ በኋላ ደጅ የሚቆም ሰው ወይ እንግዳ ነው ወይ ጥላ አለው። የሐጂ ኒም ሥር ግን ሁልጊዜ ሰው አይጠፋም፤ የወደብ ሠራተኛው፣ የነዳጅ ማጣሪያው መሐንዲስ፣ ፍየሉን ሊሸጥ የመጣው አፋር፣ ታክሲ ጠባቂዋ ነፍሰ ጡር፣ ሁሉም እዚያ ይሰበሰባል። እኔም ሥራዬን የምሠራው ከሱቄ ይልቅ እዚያ ነው፤ ቬንቲሌተር ጠጋኙ ሰውዬ ንፋሱን የሚያገኘው ከዛፍ ሥር መሆኑን ደንበኞቼ ባያዩ ደስ ይለኝ ነበር።

ዛፉ እንዴት አደገ ብትሉ፣ በሶላት ነው ያደገው። ሐጂ በየሶላቱ ሰዓት የመታጠቢያ ውሃ የሞላች ኩስኩስታቸውን ይዘው ይወጡና ከግንዱ ሥር ካለችው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ይቀመጣሉ። ይጉመጠመጣሉ፤ ፊታቸውን፣ ክንዳቸውን፣ እግራቸውን ይታጠባሉ። ውሃው ወደ ሥሩ ይወርዳል። ውሃ በሚቸግርበት ከተማ አንዱን ውሃ ለሁለት ጉዳይ ማዋል ማለት ይኼ ነው።

ታዲያ ማዘጋጃ ቤት የዛፍ ደንብ አወጣ። እውነቱን ለመናገር ጥሩ ደንብ ነበር። በመንገድ ዳር ያለ ዛፍ አይቆረጥም፣ ሚስማር አይመታበትም፣ ፍየል አይታሰርበትም፣ ሥጋ አይሰቀልበትም፣ ለመፋቂያ ተብሎ ቅርንጫፉ አይገነጠልም ይላል። ነዋሪው የተከለውን ዛፍ ራሱ ይንከባከበዋል። ባለቤት የሌለው ዛፍ ግን የከተማው ይሆንና ግንዱ ኖራ ይቀባል፣ ዙሪያው በብረት ይታጠራል፣ የሚያጠጣውም የከተማው ቦቴ ብቻ ነው። ሌላ ሰው እንዳያጠጣው የተከለከለው በተንኮል አይደለም። ቀደም ሲል ደግ ነን ያሉ ሰዎች ጨዋማ የጉድጓድ ውሃና የሳሙና እጣቢ እየደፉ ስንቱን ችግኝ አቃጥለውታል።

ደንቡን ይዛ በመንገዳችን የመጣችው ሳባ የምትባል የማዘጋጃ ቤቱ የአትክልት ክፍል ኃላፊ ናት። ታጋይ የነበረች፣ ቢሮ ገብታም የላስቲክ ጫማዋን ያልጣለች ልጅ ናት። በደረቅ ተራራ ላይ ዛፍ ተክላለች ይሏታል፤ አሰብን ስታይም ፊቷ ላይ ተስፋ መቁረጥ አልነበረም።

«ከመይ ሓዲርኩም ሓጂ?» አለች በትግርኛ።

«አልሐምዱሊላህ፣ የኔ ልጅ።»

«ይህ ዛፍ የማን ነው?»

«የመንግሥት ነው» አሉ ሐጂ ሳይተነፍሱ።

ይህን ሲሉ ኩስኩስቷ በእጃቸው ነበረች። ጢማቸው ውሃ ያንጠባጥባል። ሳባ ጢሙን አየች፣ እርጥቧን ድንጋይ አየች፣ ተመልሳ ጢሙን አየች። «እርግጠኛ ነዎት?» አለቻቸው። ሐጂ «ወላሂ» ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ፤ ግን ለሶላት የታጠበ አፍ ነውና መልሰው ዘጉት። «እኛ ስንመጣም ነበረ» ብለው አሳለፉት።

ከመንገዱ ማዶ ሻሂ የምትሸጠው ወይዘሮ ለታይ ደጃፏ ላይ ያለችውን ቴምር ካደች። ከእሷ አጠገብ ያለው ፀጉር አስተካካይም ያችኑ ቴምር ካደ። በአንድ ረፋድ መንገዳችን በሙሉ የመንግሥት ጫካ ሆኖ አረፈው። ሁላችንም ከቅጣት ያመለጥን መሰለን።

በሳምንቱ በያጅ መጥቶ ኒሙን አጠረው። አጥሩ ጠንካራና ቆንጆ ነው፤ በር ግን የለውም። የሐጂ ድንጋይም ውስጥ ቀረች። ሐጂ ኩስኩስታቸውን ይዘው ወጥተው በብረቱ መካከል ድንጋያቸውን ሲያዩዋት አሳዘኑኝ። ወደ ጓሮ ዞረው ሲሚንቶ ላይ መታጠብ ጀመሩ።

ቦቴው መጀመሪያ ላይ በክብር ይመጣ ነበር። በኋላ የቧንቧው ውሃ በየሰፈሩ ሲጠፋ ለሰው እንዲያድል ተወሰደ። ትክክል ነው፤ ሰው እየተጠማ ዛፍ አይጠጣም። ለዛፉ ግን ማን ያስረዳው? ቅጠሉ ከጫፉ ቢጫ ሆነ፤ ከዚያ መርገፍ ጀመረ። ሐጂ ማለዳ ተነስተው፣ ሰው ሳያይ፣ የረገፈውን ይጠርጉ ነበር፤ ቤት ውስጥ በሽተኛ እንዳለው ሰው ከእኛ ይደብቁታል።

«ኩስኩስቷን በብረቱ መካከል ዘንበል ቢያደርጓትስ? ማን ያያል?» አልኳቸው።

ድምፃቸው ዝቅ አለ። «አንተ ልጅ፣ እዚህ አገር እያደርኩ፣ ደንባቸውን በጓሮ በር ልስበረው?» ብለው ኪሳቸውን ዳበሱ።

እኔ ደግሞ ብልጥ ነኝ። ኤርኮንዲሽነርም እጠግናለሁና፣ ግድግዳቸው ላይ አንድ አሮጌ ልስቀልላቸው፣ ጠብታውን በጎማ ቱቦ ወደ ዛፉ እንልቀቀው፣ ሰው አላጠጣውም፣ ራሱ ተንጠባጠበ እንላለን አልኳቸው። በሐሳቤ ኮርቼ ነበር።

«እሱ ተንኮል ነው። አላህ ቱቦ አያይም ብለህ ነው?» አሉኝ።

ከዚያ ወዲያ የዛፉን ነገር አላነሳሁባቸውም። አንድ አመሻሽ ግን፣ አጥሩን ተደግፈን ቆመን፣ ራሳቸው አወጡት። «ይቺን ዛፍ የተከልኩ ጊዜ ወደ ወሎ ልመለስ ዕቃዬን ጠቅልዬ ነበር። ሙቀቱ አሸንፎኝ። አንድ የበይሉል መንደር ዓሣ አጥማጅ ከየመን በጀልባ ያመጣትን ችግኝ በዕዳ ፋንታ ሰጠኝ። ሰው የሰጠህን አይጣልም፤ ተክዬ፣ አጠጥቼ ልሂድ አልኩ። በነጋታው ደግሞ መጠጣት ነበረባት። በማግስቱም። እንዲያ እንዲያ ስል ቀረሁ።» ቅጠሉ የረገፈውን ቅርንጫፍ ቀና ብለው አዩና «አሁን ስትደርቅ ቆሜ ካየሁ፣ ለምን እንደቀረሁ እንጃ» አሉ። ሰውዬው ያዘኑት ለጥላ አልነበረም።

በማግስቱ ኮት ለብሰው መጡ። በአሰብ ሙቀት ኮት! «ተከተለኝ፤ ካሰሩኝ ሱቁን ትዘጋልኛለህ» አሉኝ። መንገዱን በሙሉ በኮቱ ሥር ኪሳቸውን እየዳበሱ ሄዱ። እኔ ደግሞ፣ ምን ልበላችሁ፣ አሁንም ቱቦውን አስብ ነበር።

የሳባ ቢሮ ውስጥ አንድ ቬንቲሌተር እየተንቋቋ ይዞራል። የጠገንኩት እኔ ስለሆንኩ ወደዚያ ላለማየት ሞከርኩ። ሐጂ ተቀመጡ ሲባሉ አልተቀመጡም።

«ዋሽቼሻለሁ» አሉ፣ ለመስማት በሚያስቸግር ድምፅ። «ዛፏ የኔ ናት። በገዛ እጄ፣ ማንንም ሳልጠይቅ፣ በመንግሥት መሬት ላይ ተከልኳት። ቅጣቴን ንገሪኝና ዛፏን ውሃ ላጠጣት።» ይህን ብለው የመኖሪያ ፈቃዳቸውን ከነላስቲኩ ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

ሳባ ፈቃዱን አልነካችውም። ደንቡን ከመሳቢያ አውጥታ ማንበብ ጀመረች። በጣቷ እየተከተለች፣ አንዴ ወደታች፣ አንዴ ወደላይ። «የሚቆርጥ... ሚስማር የሚመታ... ፍየል የሚያስር... ሥጋ የሚሰቅል...» ገለበጠች። መልሳ ገለበጠች።

«እዋእ! የሚተክል የሚል የለም» አለች።

«ፈልጊው የኔ ልጅ፣ ይኖራል» አሉ ሐጂ።

«የለም እኮ፣ ሓጂ!»

«በደንብ እዪው እንጂ። በስንቱ መንግሥት ኖሬ ቅጣት የሌለው ነገር አይቼ አላውቅም።»

ሳቋን መያዝ አቃታት። ደንቡን ያወጡት ሰዎች ክፉውን ሁሉ ሲያስቡ፣ ተደብቆ ዛፍ የሚተክል ወንጀለኛ ይመጣል ብለው አላሰቡም። ስቃ ስትጨርስ ፈቃዳቸውን አንስታ በሁለት እጇ መለሰችላቸው።

«እኔ የዚያን ዕለት አውቄ ነበር» አለች። «ጢምዎ ውሃ ያንጠባጥብ ነበር። ግን የኔ አይደለም የሚልን ሰው በግድ የርስዎ ነው ልለው አልችልም። ዛፉ ደግሞ ደረቀብኝ፤ ዛሬ ባይመጡ እኔ ልለምንዎት እመጣ ነበር።»

ከሰዓት በኋላ በያጁ መጥቶ አጥሩን ቆርጦ በር አወጣለት። ሐጂ ኮታቸውን ለእኔ አሸክመው፣ ኩስኩስታቸውን ይዘው ገቡና ድንጋያቸው ላይ ተቀመጡ። መንገዱ ሁሉ ቆሞ ያያል። ፊታቸውን ታጠቡ፤ ክንዳቸውን ታጠቡ፤ እግራቸውን የታጠቡት ግን ከሌላው ጊዜ ይልቅ ረጅም ሰዓት ወስደው ነው። አፈሩ ውሃውን ሲጠጣ ድምፁ ይሰማ ነበር። ሰነባብቶ ከቅርንጫፉ ጫፍ ቀይ ለጋ ቅጠል ወጣ፤ ሐጂ ያሳዩት ሰው ሁሉ እንዳላየ ሆኖ እንደገና እያስጠቆማቸው ደስ ያሰኛቸው ነበር።

ወሬው ግን ቅጠሉን አልጠበቀም። መትከል ቅጣት የለውም የተባለ ዕለት ከተማው በሙሉ ዛፍ ተካይ ሆኖ አደረ። በማግስቱ የሳባ ቢሮ ደጃፍ ላይ ሰልፍ። የኔ ነው፣ አባቴ ነው የተከለው፣ ጉድጓዱን የቆፈርኩት እኔ ነኝ፣ ይላል ሁሉም። ወይዘሮ ለታይና ፀጉር አስተካካዩ በአንዲት ቴምር ተያይዘው መጡ። እሷ የሻሂ ብርጭቆ ያለቀለቅሁበትን ውሃ ነው የጠጣችው ትላለች፤ እሱ ደግሞ ፍየል ሲያባርር ስንት ራስ ግማሽ ተላጭቶ እንደጠበቀው ይናገራል።

ሳባ ጭንቅላቷን ይዛ «ያኔ ባለቤት አጣሁ፣ አሁን ደግሞ ዛፍ አነሰኝ!» አለች። ከዚያ ተነስታ ከጓሮው በላስቲክ የተተከሉ ችግኞች አስወጣችና በሩ ላይ አስደረደረቻቸው። የተጣላ ሁሉ አንዳንድ ይዞ ይሂድ፣ የሚያጠጣውም ራሱ ነው አለች።

ሰልፉ እየተገፋ እኔ ዘንድ ደረሰ። አዎ፣ እኔም ተሰልፌ ነበር። ምን ዛፍ አለኝ ብዬ እንደሆነ አትጠይቁኝ፤ ሐጂ በዛፏ ምክንያት አሰብ እንደቀሩ ከነገሩኝ ወዲህ እግሬ ነው ያመጣኝ።

«ያንተስ የትኛው ነው?» አለችኝ ሳባ።

«የኔ ገና አልተተከለም» አልኳት።