መብራት ያስደነበረው ሾፌር

የልጅ ልጆቼ «እምዬ፣ ያን ሾፌር አውሪልን» ብለው አላስቀምጥ አሉኝ። መኪና መብራት ባሳየችው ቁጥር የሞተች የሚመስለው ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል?

ልጄን ምጥ ይዟት ከሽንዲ ወደ ቡሬ ሐኪም ቤት በመኪና ስንቸኩል፣ ጭቃው ላይ አንዱ ጎማ ባለበት ተሽከረከረ። ከመሪው ፊት ቢጫ መብራት ብልጭ ድርግም አለች፤ ሞተሩም ድምፁ ሰለለ።

«እማማ፣ ታማለች! ውረዱ!» አለ ሾፌሩ።

«ልጄ ናት የታመመችው!»

«የለም፣ መኪናዋ!»

ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? ለልጄ የያዝኩትን ጠበል ነጥቆ መብራቷ ላይ ረጨው! እኔስ ልቆም ነው? ልጄን በቃሬዛ ለመንገደኞች አሸክሜ ስሮጥ፣ ቡሬ ሳንደርስ መንገድ ላይ በሰላም ተገላገለች።

ከዓመታት በኋላ አንድ መካኒክ ነገረኝ። አንዱ ጎማ ከሌሎቹ ፈጥኖ ሲሽከረከር መኪናዋ ራሷ አውቃ ጎማውን በፍሬን ትይዛለች፣ የሞተሩንም ጉልበት ትቀንሳለች፤ መብራቷ የምትርገበገበው ያኔ ነው። ብልሽት ቢሆን ሳትርገበገብ በርታ ትቀር ነበር። ሾፌሩ ነዳጁን ቀስ አድርጎ ቢረግጥላት ኖሮ፣ ይዛን ትወጣ ነበር።