ለጥቁሯ ንብ ጠበቃ ስቆም

ሰው ሲባል ድምፁ የጎላውን ሁሉ ጥፋተኛ ማድረግ ይወዳል። ዝም ብሎ የሚያላምጠውን ማን ያየዋል! አልዋጥላችሁ ካለ የእኔን ጉድ ስሙ።

በእኔና በጎረቤቴ በእንድሪስ መካከል አንድ የደረቀ የአጥር ግንድ አለ። ግንዱን በስታ የምትኖር ጥቁር ንብ አለችላችሁ። ከማር ንብ ጋር እንዳታምታቷት፤ ይቺ ወፍራም፣ አውራ ጣት የምታህል፣ ስትበር እንደ ባጃጅ የምታጓራ ናት። በሸዋ ሮቢት ሙቀት ሰው ሁሉ ጥላ ሲፈልግ፣ እሷ ያን ፀጉራም ካፖርቷን ለብሳ ከአበባ አበባ ትሯሯጣለች። ሠራተኛ ስለሆነች እወዳታለሁ።

አንድ ጠዋት እንድሪስን ላምባ በጣሳ ይዞ ግንዱ ሥር አገኘሁት።

«ምን ልታደርግ ነው?»

«ላነዳት ነዋ፣ እትዬ! የዱባ አበባዬን ቀርጥፋ ጨረሰችው። አበባ ከሌለ ዱባ ከየት ይመጣል?»

«ስትቀረጥፍ አይተሃል?»

«ጩኸቷን እሰማለሁ!»

«የጮኸ ሁሉ ሌባ ከሆነማ መጀመሪያ አንተ ትታሰር ነበር!»

ነገሩ ከርሮ የሰፈራችን ሽማግሌ ሐጂ ሙሔ ዘንድ ደረሰ። እኔ ደግሞ አፌ መች ያርፋል... «እስከ ጁምዓ ጊዜ ስጡኝ፤ ፎቶ አንስቼ ንጽሕናዋን አሳያለሁ። አበባውን የበላው ሲታወቅ ግን፣ የእኔም ወገን ቢሆን፣ ከዚህ ሰፈር ይውጣ!» አልኩ። ሐጂም «አላህ ምስክራችን ነው» አሉ። በቃ፣ ተፈረደ።

ልጄ የሰጠችኝን ስልክ ይዤ ዘመትኩ። ወይ ንብ ማንሳት! የመጀመሪያው ፎቶ አውራ ጣቴ ነው። ሁለተኛው፣ ንቧ አሁን የተነሳችበት አበባ። ቀጣዩ፣ ልታርፍበት አስባ የተወችው አበባ። «እስቲ ቀና በይ የኔ እናት» ብላት ጀርባዋን ሰጠችኝ። እጄን ላፍታታ ብዬ ከመንገዱ ማዶ ካበበው ሬት መሀል አድፍጬ ሳለ፣ አንድ ባለባጃጅ ቆመ።

«እማማ፣ ምን ጠፋብዎት?»

«ፍትሕ!»

«እሱንስ እኛም አላገኘነው» ብሎኝ ነዳው።

ሐሙስ ዕለት ቀናኝ። ንቧ የእንድሪስ ዱባ አበባ ውስጥ ጭንቅላቷን ቀብራ ቆይታ፣ መላ አካሏ በቢጫ ዱቄት ተለውሶ ብቅ ስትል... ጠቅ! አበባው ሙሉ ነው፤ አንድም ቦታ አልተነከሰም። ከደስታዬ ብዛት፣ ምስሉን ደግሜ እንኳ ሳላየው አደርኩ።

ጁምዓ ከሶላት በኋላ ስልኩን በኩራት ዘረጋሁ። «ይኸው! ዱባህን ስታዋልድልህ እንጂ ስትበላብህ ነው? እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል!»

እንድሪስ ስልኩን ተቀበለኝና ምስሉን በሁለት ጣቱ ለጠጠው። ቀጥሎ ፈገግ አለ።

«እትዬ፣ ንቧስ ነጻ ናት። ከኋላዋ ያለችው ማን ናት?»

ባይ... በአጥሩ ቀዳዳ አንገቷን አስግጋ፣ ቢጫ አበባ ከከንፈሯ ተንጠልጥሎ፣ የጠዋት ሻዬን ወተት የማልባት የገዛ ፍየሌ ሻሼ! ንቧ ሰሞኑን ሙሉ አልቆም ብላ ስታሰቃየኝ፣ ሻሼ ግን ካሜራውን ትክ ብላ እያየች፣ ልክ እንደ መታወቂያ ፎቶ!

«ፍየል ከመድረሷ ቅጠል መበጠሷ» አሉ ሐጂ፣ ሳቃቸውን በጺማቸው ሸፍነው።

የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት እኔ ነኝ። እንድሪስ ሳላሳዝነው አልቀረሁም፤ «ወላሂ ይቅር ብያለሁ፣ አስረው ያኑሯት» አለኝ።

«አይሆንም!» አልኩ። አያችሁ ይሄን አፌን? «ለንብ የተፈረደ ለፍየል አይሻርም!»

ሻሼ በማግሥቱ አጣዬ ከተማ ወደምትኖረው እህቴ ሄደች። ንቧ ግንዷ ውስጥ ተዘባንና ትኖራለች። ውለታዬን በማር ትከፍለኛለች ብዬ ስጠብቅ፣ ለካስ ይቺ ዓይነቷ ለሰው የሚተርፍ ማር የላትም! እናንተዬ፣ ወተት የምትሰጠኝን አባርሬ ምንም የማትሰጠኝን ነጻ አወጣሁላችሁ። ፍርዱ ትክክል ነው፤ አልጸጸትም። ሻዬ ብቻ እንደ ንቧ ጠቁሯል።