ወይዘሮ ሙሉእመቤት የጠረጠሩት ጦር

ጠርጣሪ ጎረቤት የሌለው ግቢ አራዳ ውስጥ አልተሠራም። ቧንቧ የሌለው ግቢ አለ፤ ጣሪያው የሚያፈስ አለ፤ ጠርጣሪ የሌለው ግን የለም። ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ውስጥ አርአያ ለሚኖርባት ግቢ የደረሷት ክብርት ወይዘሮ ሙሉእመቤት ነበሩ።

እትዬ ሙሉእመቤት ዝናብን እንኳ አያምኑም። ጠብ ሲል ወጥተው ወደ ሰማይ ያንጋጥጡና፣ «ዛሬ ደግሞ ምን ፈልጎ ነው?» ይላሉ። ወተት አመላላሹ ሰላምታ ካበዛ ወተቱ ውሃ ገብቶበታል፤ ሰላምታ ከነፈገ ደግሞ የገባበት ከውሃም የባሰ ነው። አብዮቱ መጥቶ ሰው ሁሉ ጎረቤቱን መጠርጠር ሲጀምር፣ «ገና አሁን ነው የነቃችሁ?» ብለው ታዘቡ።

ከሁሉም አስበልጠው የሚጠረጥሩት ግን አርአያን ነው። ፒያሳ አንድ የመጻሕፍት መደብር ውስጥ የሚሠራ ወንደላጤ ኩቴክስ ይገዛል፤ ቀይ፣ ሐምራዊ፣ አንዳንዴም ብርማ። ሴት ግን ወደ ቤቱ ስትገባ ታይታ አታውቅም። እሑድ እሑድ እምሩ የሚባል ጓደኛው ሲመጣ ደግሞ መጋረጃው ይዘጋል።

«ማንን ልታስውብበት ነው?» አሉት አንድ ቀን በር ላይ ጠብቀው።

«ለሥራ ነው፣ እትዬ።»

«ጥፍር የሚያስቀባ የምን ሥራ ነው?»

እውነቱን መናገር አሳፈረው። አርአያ ከእርሳስ ብረት የተሠሩ፣ ጣት የማያህሉ ወታደሮች ይቀባ ነበር። ወደ አገራቸው የተመለሱት ግሪካዊ አለቃው ትተውለት የሄዷቸው የጥንት ፈረንሳዮች ናቸው፤ ገሚሱ ንጉሡን የጣለው ሠራዊት፣ ገሚሱ የንጉሡ ወገን። ሌላ ቀለም ስላጣ ኩቴክሱን በአሴቶን አቅጥኖ፣ ከድመት ጭራ በሠራው ብሩሽ፣ ትንፋሹን ውጦ የኮታቸውን ቁልፍ ይቀባል። ባዶ የነበረ ፊት ዓይን ባወጣ ቁጥር ይደነግጣል፤ አንድ ሰው ከሩቅ ዘመን ቀና ብሎ ያየው ይመስለዋል። እሑድ ከእምሩ ጋር በብርድ ልብስ ኮረብታ ይሠሩና ጦሩን አሰልፈው፣ ዳይስ እየወረወሩ ያዋጋሉ።

የቤት ለቤት አሰሳው የመጣው አንድ እሑድ ከሰዓት፣ እምሩ ጨዋታውን ለሳምንት አሳድሮ እንደሄደ ነው። በዚያ ሰሞን ሰው በአንዲት ብጣሽ ወረቀት ተወስዶ ይቀራል፤ ጦር አሰልፎ የተገኘ ሰው ምን እንደሚጠብቀው አርአያ ያውቃል። ወታደሮቹን ሊያፍስ እጁን ዘረጋ። የዛሬዎቹ ቀለማቸው ገና አልደረቀም። ሲያመነታ በሩ ተንኳኳ።

መርሻ የሚባለው የአብዮት ጥበቃ ጓድ አባል ጠመንጃውን ይዞ ገብቶ ጠረጴዛው ላይ አጎነበሰ። እትዬ ሙሉእመቤት ነጠላቸውን አጣፍተው ከኋላው ተከትለዋል።

«ይሄ የምን ዕቅድ ነው?» አለ መርሻ።

«ጨዋታ ነው። እነዚህ ንጉሣቸውን የጣሉ ናቸው። እነዚያ የንጉሡ ደጋፊዎች።»

«እና ማን እያሸነፈ ነው?»

አርአያ ወደ ጠረጴዛው አየ። ኮረብታውን የያዘው እምሩ የሚያዋጋው የንጉሡ ጦር ነበር፤ ይሄ ለማንም ይታያል።

«ማሸነፍ ይባላል እንዴ ይሄ?» አሉ እትዬ ሙሉእመቤት። «ያ እምሩ የሚሉት፣ ይሄ የዋህ ዞር ሲል ዳይሱን በክርኑ ይገለብጣል። በመጋረጃው ቀዳዳ ስንት እሑድ አይቼዋለሁ። ሁለት የወጣውን ስድስት ነው ይላል።»

መርሻ ዞሮ አያቸው። ስኳር ሲታደል ሚዛኑን ነካክቷል ብለው እሱን ራሱን ለቀበሌው ሊቀመንበር የከሰሱት ሴት ናቸው።

«ሌላ ያዩት ነገር የለም?»

«ቢኖር እስካሁን ዝም የምል መስሎህ ነው?»

ይህን የሚጠራጠር ሰው በቀበሌው አልነበረም። መርሻ ጠመንጃውን ወደ ትከሻው መለሰ። «እርስዎ ያጣሩትን እኛ ምን እንጨምርበታለን፣ እትዬ» ብሎ ወደሚቀጥለው ቤት አለፈ።

አርአያ አልጋው ላይ ተቀመጠ። «እትዬ፣ ምን ብዬ…»

«ምንም አትበል። ምስጋና የሚያበዛ ሰው ደስ አይለኝም» ብለው ወጡ።

በሳምንቱ እሑድ፣ እምሩ ቦታውን እንደያዘ፣ አርአያ መጋረጃውን ገለጠ፤ ከጠረጴዛው አጠገብ የእንጨት መቀመጫ ዱካ አኖረና ሄዶ ጠራቸው። እትዬ ሙሉእመቤት በሩ ላይ ቆመው ዱካውን አዩት፤ እሱንም አዩት።

«ምን ፈልገህ ነው?»

ከዚያ ገብተው ዱካውን አነሱት፤ ገልብጠው ሥሩን መረመሩ፤ እግሮቹን አንድ በአንድ ነቀነቁ። ሲበቃቸው በእምሩ ክርን በኩል አኑረውት ተቀመጡ።