ድንኳኑና ሽማግሌዎቹ

በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ይባላል። ወርቁ ቀርቶ ብርዱም እንዲያው ነው። የእንጅባራ ሰው ብርድ ሊቀምስ ሰሜን ተራሮች ፓርክ ድረስ ሄደ ቢሏችሁ ታምናላችሁ? ብርዱ እኮ እዚሁ ደጃችን ላይ ነው፣ ያውም በነጻ። እኔ ግን ከሁለት የመሥሪያ ቤት ባልደረቦቼ ጋር ፓርኩ ውስጥ ሦስት ሌሊት በድንኳን ለማደር ቆርጬ ተነሣሁ።

ዕቅዱ ወር ፈጀ። ለየራሳችን ድንኳን ከባሕር ዳር በውሰት አስመጣን፤ የእኔው ከገመድና ከብርድ ልብስ ጋር ሳሎን ጥግ ተከመረ። ባለቤቴ የሺ ክምሩን እየዞረች ከመጥረግ በቀር ምንም አላለች። እኔም ዝምታዋን እንደ ምርቃት ቆጠርኩት። ዝም ያለ ሁሉ የተስማማ የሚመስለን እኛ ባሎች ነን።

አንድ ቅዳሜ አባቷ ለገበያ ከአዘና መጥተው እኛ ዘንድ ጎራ አሉ። ዐይናቸው ክምሩ ላይ አረፈ።

«ይኼ ምንድን ነው ልጄ?»

«ድንኳን ነው፤ ሦስት ቀን ውጭ ላድርበት።»

«ሰርግ አለ?»

«የለም።»

«ለቅሶ?»

«እሱም የለም፤ እንዲሁ ለማደር ነው።»

አማቴ ጋቢያቸውን አጣፍተው ወጡ።

በማግስቱ ከቅዳሴ መልስ አያ ተሻለ የሚባሉት የሰፈራችን ሽማግሌ ሁለት ሰው አስከትለው መጡ። ግቡ ብንላቸው ገቡ፤ ተቀመጡ ብንላቸው አሻፈረኝ አሉ። ሽማግሌ እሺ ሳይባል አይቀመጥም።

«ባል አልጋውን ትቶ ድንኳን ካስመጣ ነገር አለ» አሉ አያ ተሻለ። «አማትህ ተጨንቀዋል። ምን ተበዳድላችሁ ነው?»

ሳቄ መጣ። ጉብኝት ነው ብዬ ስለ ዋልያው ስለ ጭላዳው አስረዳሁ። አልሳቁም፤ ወደ የሺ ዞሩ።

«አንቺስ ልጄ፣ የተቀየምሽው ነገር አለ?»

«አልተጣላንም» አለች መሬት መሬት እያየች። «ግን ነይ አላለኝም።»

አፈርኩ። አብረን ስምንት ዓመት ኖረን፣ ወር ሙሉ ሳቅድ አንድ ቀን እንኳ አላሰብኳትም ነበር።

«በል እሺ በለንና እንቀመጥ» አሉ አያ ተሻለ። ይቅርታ ጠየቅኋት፤ አብረን እንሂድ አልኳት፤ ሽማግሌዎቹም መርቀው ተቀመጡ።

ሲሄዱ የሺ ብርድ ልብሱን እያጣጠፈች፣ «እንጅባራ ቁጭ ብዬ ብርድ ፍለጋ ሰሜን ልሂድ? አብደሃል?» አለችኝ። ለካ መጠየቁን ብቻ ነበር የፈለገችው።

ሄድኩ። ድንኳኔ የሁለት ሰው ነበር። ብርዱስ ግድ የለም፣ ለምጄዋለሁ። ስፋቱ ነው ያስቸገረኝ።