የኮሪያው ሐኪምና የእትዬ ዘነቡ ቀሚስ

እኔ ምላችሁ፣ መንዝ ውስጥ ሰው መወፈሩ በምን ይታወቃል? ከታች ሹራብ፣ ከላይ ሹራብ፣ ከዚያ ጋቢ። ከሲታውም ዱባ፣ ወፍራሙም ዱባ!

አክስቴ እትዬ ዘነቡ ወንድ ልጃቸው ሊያገባ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ከአዲስ አበባ ቀሚስ ላከላቸው። ሞከሩት። ዚፑ ወገባቸው ላይ ደርሶ እምቢ አለ። "የሙሽራ እናት ጀርባዋን ከፍታ ልትቆም ነው?" ብለው ሊያለቅሱ ምንም አልቀራቸው።

እኔ ደጓ ስልኬን አወጣሁ። በቪዲዮ የሚመክር አንድ የኮሪያ የባህል ሐኪም አለ፤ ከሥር በእንግሊዝኛ ይጻፍለታል፣ አስተርጓሚዋ እኔ። ሆድ ምድጃ ነው ይላል ሰውየው። ምድጃው ከቀዘቀዘ የበሉት ሳይነድ ይከማቻል። ስለዚህ ዝንጅብል መጠጣት፣ ሆድን ማሞቅ፣ ረዘም አድርጎ ሳይበሉ መቆየት።

"እንዲያማ ከሆነ መንዝ በሙሉ በርሜል ባከለ ነበር!" አሉ እትዬ። ሳይበሉ መቆየቱንማ ናቁት። "እስከ ዘጠኝ ሰዓት መጾምን ኮሪያ ነው የሚያስተምረኝ?" አሉ። የቀረውን ግን አመኑ።

እኔም ትንሽ ጨመርኩበት። "የእርስዎ ዓይነት ሰው ቅንጬውን ለቤቱ ታናሽ ይስጥ ይላል።" የቤቱ ታናሽ እኔ ነኝ፤ በላሁላቸው። ምን ላድርግ፣ ሐኪም አዟል!

ሆድ ማሞቁን ግን ራሳቸው አባሱት። የበግ ጠጉር ባና ቀደው ከሹራባቸው ሥር ሦስት ዙር ጠመጠሙ። በሳምንቱ ቀሚሱን እዚያው ላይ ደረቡት! ዚፑ ንቅንቅ አላለም። የመጀመሪያውም ቀን ቢሆን ከሹራብ ላይ ነበር የሞከሩት። ብርድ ያሳደገው ሰው መደረብ እንጂ ማውለቅ የት ያውቃል? ሳቄ ሊያመልጠኝ ሲል በግ ላስገባ ብዬ ወጣሁ።

ሦስት ቀን ቅንጬውን መብላቴን ቀጠልኩ። በአራተኛው "አልሄድም፤ እናትሽ በኔ ፈንታ ትቁም" አሉ። ድምፃቸው ተሰበረ። አሳዘኑኝ። ግን እውነቱን ብናገር የቅንጬው ጉድ ሊወጣ ነው።

"እትዬ፣ አንድ ነገር ረስቼ" አልኩ። "ቀሚሱ ሲለካ ሆድ ይተንፍስ፤ ሹራቡም ባናውም ይውለቅ ይላል ሐኪሙ።"

በብርድ እየተንቀጠቀጡ አወለቁ። ዚፑ ሽቅብ ሮጦ አንገታቸው ሥር ደረሰ። እልልታቸው ሞላሌ ከተማ ድረስ ሳይሰማ አልቀረም።

ሠርጉ ላይ ደምቀው ዋሉ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ እዚህ ቤት ግን እያደር የጠራው ውሸቴ ነው። በኮሪያው ሕክምና ቀጠኑ ተብሎ የመሐል ሜዳ ከተማ ሴት ሁሉ እትዬ ደጅ ይሰለፋል፤ እሳቸውም ሆድ እየዳበሱ "ቀዝቃዛ!" "ሙቅ!" ይላሉ። መጀመሪያ የዳበሱት የማንን ነው? የኔን። "ያንቺማ ምድጃ ቤት ያቃጥላል! እንደ ክር የቀጠንሽው ለዚህ ነው" ብለው በየማለዳው በቀዝቃዛ ውሃ ታጠቢ አሉኝ። በዚህ ውርጭ!

ጥርሴ ሲንቀጫቀጭ እናቴ ምን ሆነሻል ትለኛለች።

"እየዳንኩ ነው" እላታለሁ።