ጋሽ ጥብቅ ስለ ዶሮዎቻቸው ነፍስ እህል ያብላሉበት ዜና

በዘመነ ጡረታ በሁለተኛው ዓመት፣ አንዲቱ ልጃቸው ተድራ ከቤት በወጣች ሰሞን፣ ፀሐይ በጓሮው አጥር ላይ በሠለጠነችበት ወራት፣ ሞዐ ጠብታ፣ ሥዩመ ቱቦ፣ ዐቃቤ ማጠቢያ ወመታጠቢያ፣ እጃቸው የነካው ቧንቧ ዳግመኛ የማያንጠባጥብ፣ ስለዚህም የሰፈሩ ሰው ሁሉ ጋሽ ጥብቅ ብሎ የሰየማቸው የተከበሩት የቧንቧ ሠራተኛ የፈጸሙትን ገድል፣ እኔ የሚስታቸው ታናሽ ወንድም፣ በቤታቸው ተጠግቼ ምሳቸውን የምበላ፣ አንዳች ሳልጨምርና ሳልቀንስ፣ ቢበዛ ጥቂት ጨምሬ ጻፍኩት።

የሠራዊታቸውም አሰላለፍ እንዲህ ነበረ፦ በቀኝ ቀኛዝማች ገብስማ፣ ለቅማ የማትጠግብ፤ በግራ ግራዝማች አንገተ መላጣ፣ የጎረቤትን ድመት በጠራራ ፀሐይ ያሳደደች፤ በደጀን እመት ወሰራ፣ በዕድሜ የገፋች፣ ከሁሉ ቀድማ ቆጥ ላይ የምትወጣ፤ በፊት አውራሪነት ደግሞ አውራ ዶሮው፣ ንጋትና ቀትር የማይለይ፣ ጩኸቱ ከጀግንነቱ የሚበልጥ። እነዚህም ሁሉ ይበሉ ነበር፤ ይጠጡ ነበር፤ እንቁላል ግን ከነጠፈባቸው ሰንብቷል። በዚህም የእኅቴ የእትዬ፣ የእግዝእተ ማዕድ ወድስት ቁጣ ነደደ፤ በጓሮው በር ላይ ቆማ ማንኪያዋን አንሥታ አዋጅ አስነገረች፦

«ስሙ! ያልሰማ ይስማ! ሲበሉ እንጂ ሲጥሉ አላየሁም። እሁድ እማዬ ለምሳ ትመጣለች። እስከዚያ አንድ እንቁላል ካላየሁ ሁሉም ድስት ይገባሉ። አውራውንም አልምረውም፤ እሱ እንዲያውም ይቀድማል!»

ይህ አዋጅ ለጋሽ ጥብቅ የሞት ፍርድ ያህል ከበዳቸው። ጡረታ ከወጡ ወዲህ «ቤታችን በጎርፍ አለቀ፣ ይድረሱልን» ብሎ የሚደውልላቸው ጠፍቶ ነበርና፣ ልጃቸውም ሄዳ ነበርና፣ ጠዋት የጓሮውን በር ሲከፍቱ በሩጫ የሚቀበሏቸው እነዚያ ዶሮዎች ብቻ ነበሩ። ዶሮዎቹ ጋሽ ጥብቅ ጡረታ መውጣታቸውን አልሰሙም። ስለዚህ ሰውዬው አዘኑ፤ እውነቱን ለመናገር፣ ከማጠቢያው ሥር ገብተው፣ የሚጠገን ነገር ያለ አስመስለው አለቀሱ።

ወእምዝ በአጥሩ ማዶ የምትኖር ጡረተኛ ነርስ፣ የወፋፍራም ዶሮዎች እመቤት፣ ኀዘናቸውን አይታ በአጥሩ ላይ ብቅ ብላ ምክሯን እንደ አዋጅ አሰማች፦ «እህሉን በውሃ ዘፍዝፈው ያብላሉት፤ ዶሮ ነፍሱ ነው፣ ሆዱንም ይስማማዋል፣ እንቁላልም ያስጥላል። የባልዲውን አፍ ግን በስስ ጨርቅ ብቻ ይሸፍኑት፤ መተንፈስ አለበት!»

ጋሽ ጥብቅም የመጀመሪያውን ቃል በደስታ ተቀበሉ፤ የመጨረሻውን በሰሙ ጊዜ ግን ፊታቸው ጠቆረ፤ ዕድሜ ልካቸውን የሚተነፍስ የቧንቧ መጋጠሚያ ሲያሳድዱ የኖሩ ሰው ናቸውና። ወደ ሠራዊታቸውም ዞረው እንዲህ ሲሉ አወጁ፦ «የሚተነፍስ ነገር ያፈሳል። የሚያፈስ ነገር ደግሞ እኔ ቤት አያድርም። ነርስ ስለ ባልዲ ምን ታውቃለች?»

ከዚህም በኋላ ስንዴውን፣ ገብሱንና በቆሎውን በባልዲ ጨምረው፣ ውሃ ሞልተው፣ ክዳኑን ገጥመው፣ ከክዳኑ ሥር የጎማ ቀለበት አስገብተው፣ በላዩ ነጩን የቧንቧ ጥብጣብ፣ ቴፍሎኑን፣ ጠምጥመው፣ በቴፍሎኑ ላይ ሙጫ ለቅልቀው፣ በሙጫው ላይ ሽቦ አስረው፣ ሽቦውን በፒንሳ አጥብቀው፣ ጆሯቸውን አስጠግተው ምንም አለመተንፈሱን ባረጋገጡ ጊዜ ደስ አላቸው። እህሉ ሙቀት ይሻልና፣ ከሳሎኑ ሶፋ ጀርባ፣ ፀሐይ በምታርፍበት ቦታ ደብቀው ዳንቴል አለበሱት። በማግስቱ ባልዲው ማጉረምረም ጀመረ። እትዬ የእኔ ሆድ መሰላት፤ እኔም ስለ ጋሽ ጥብቅ ክብር አልካድኩም።

እሁድም ደረሰ፤ እናታችን፣ አማቻቸውን ከሠርጉ ቀን ጀምሮ «ያ ባለፒንሳ» እያሉ የሚጠሩት፣ ፀጉራቸውን ተሠርተው፣ ነጭ ቀሚሳቸውን ለብሰው መጥተው፣ ከቤቱ ወንበር ሁሉ መርጠው ያንኑ ሶፋ ያዙ። እንቁላል አልተገኘም ነበር። እትዬም ትልቁን ድስት አወረደች። ጋሽ ጥብቅ አንድ ዓይናቸው ድስቱ ላይ፣ አንድ ዓይናቸው ሶፋው ላይ ሆኖ፣ ሾርባውን በሹካ ሊበሉ ሲታገሉ፣ በዚያች ሰዓት ባልዲው ፈነዳ።

ክዳኑ ወደ ጣሪያ ዐርጎ፣ ጣሪያውን ነድሎ፣ ተመልሶ ሾርባው ውስጥ ወረደ። የኮመጠጠ ስንዴ ዘነበ፤ ገብስ ዘነበ፤ በቆሎውም እንደ በረዶ መስኮቱን ደበደበ። እኔ ለታሪክ ስል ከጠረጴዛው ሥር ገባሁ። ሽታውም በተከፈተው በር ጓሮ ድረስ በደረሰ ጊዜ፣ አውራው ወደ አጥሩ ሲሸሽ፣ ቀኛዝማችና ግራዝማች ሠራዊቱን እየመሩ ሳሎኑን ወረሩት፤ ከምንጣፉ ለቀሙ፣ ከመጋረጃው ለቀሙ፣ ከእናታችን ሹሩባ መካከል አንድ በአንድ እየመረጡ ለቀሙ። እመት ወሰራ ግን ከሁሉ ኋላ መጥታ፣ ጠግባ፣ እንደ ልማዷ ማረፊያ ፈልጋ፣ እናታችን ጭን ላይ ወጥታ ተቀመጠች። ስትነሣም አንድ እንቁላል ተገኘ።

እናታችንም እንቁላሏን አነሡ፣ ወደ ጉንጫቸው አስጠጓት፣ ከዚያ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ሳቃቸው ሲበርድም አወጁ፦ «እዚህ ቤት ስገባ ስወጣ ስንት ዘመኔ፣ እንዲህ ያለ ትኩስ ስጦታ የሰጠኝ የለም። እነዚህን ዶሮዎች የሚነካ ጠቡ ከእኔ ጋር ነው። ያን ባለፒንሳ ግን ከፊቴ ዞር አድርጉልኝ፤ ጆሮዬ ውስጥ ገብስ ገብቷል!»

እትዬም ድስቱን ወደ ቦታው መልሳ በአዋጁ ላይ ጨመረች፦ «ዶሮዎቹ ይቆያሉ። እሱና ባልዲው ግን ሳሎኑ እስኪጸዳ ጓሮ ይበላሉ!»

ነርሷ በአጥሩ ላይ ሆና እንቁላሉ የመጣው ከድንጋጤ እንጂ ከእህሉ አይደለም ብላ አስወርታለች። ይህ ዜና መዋዕል የእሷን ወሬ አይቀበልም፤ በድንጋጤ የመጣ እንቁላልም ይጠበሳል። ጋሽ ጥብቅ ግን ሳህናቸውን በጉልበታቸው ይዘው፣ በዶሮዎቻቸው ተከበው፣ አዲስ እህል በባልዲው ዘፍዝፈው አፉን በአሮጌ ሸሚዝ ሸፈኑት፤ አየሩ እስ እያለ ሲወጣም ጥርሳቸውን ነክሰው ቻሉት።

እንግዲህ ማን ይመስላቸዋል? ምሽግ የሰበሩ ነበሩ፤ ወንዝ የገደቡም ነበሩ። ስለ ዶሮዎቹ ነፍስ ብሎ አማቱን ገብስ ያለበሰ ጀግና ግን ከእሳቸው በፊት አልተሰማም፤ ከእሳቸውም በኋላ፣ እትዬ በሕይወት እስካለች ድረስ፣ አይሰማም።