የእትዬ አስካለ ሙቀጫ

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላል ያገሬ ሰው። ይላል እንጂ አያደርገውም። እኛ መንዞች ቤታችንን በድንጋይ የምንሠራው ለብርዱ ነው እንላለን፤ ብርዱስ እውነት ነው፣ ይጋረፋል። ግን እናንተም የየቤታችሁን ታውቃላችሁና ምን እዋሻችኋለሁ፣ ወፍራም ግድግዳ ገበናም ይሸፍናል።

የኛ ቤት ገበና ታላቅ ወንድሜ ምንተስኖት ነበር። ዜማ ሊማር ሄዶ በሃያ ዓመቱ ራሱን ታሞ ተመለሰ። ራሱን ስል አእምሮውን ማለቴ ነው፤ አያችሁ፣ ዛሬም ዙሪያውን ነው የምዞረው። ደህና በሆነ ጊዜ ገብስ ያጭዳል፣ ቀልዶ ያሥቀናል። ሲነሣበት ግን የሱፍ ባናውን ተከናንቦ ጥግ ይይዝና እኛ ከማናየው ሰው ጋር እየተሟገተ ይጮኻል።

ለምን ደበቃችሁት ትሉኝ ይሆናል። ለእኔ ሲባል ነዋ! ለአቅመ ሔዋን ደርሻለሁ፤ ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ደግሞ በዘራቸው እብድ አለ ወይ ተብሎ ይጠየቃል። ስለዚህ እንግዳ ሲመጣ ምንተስኖት ወደ ጓዳ ይገባል። ጠበል ሲሄድ ደግሞ እናቴ ራሷን በሻሽ ጥፍር አድርጋ ታስርና በሽተኛ ትሆናለች፤ እሱ ደጋፊዋ ነው። መንገደኛው ሁሉ «እግዜር ይማርሽ» ይላታል። በጤነኛ እናት ላይ በሽታ ጫንን። ውላ አድራ እውነትም ራሷን ያማት ጀመር።

ግድግዳ ለግድግዳ የሚጎራበቱን እትዬ አስካለ ባላቸው ሞተው ብቻቸውን የሚኖሩ ሴት ናቸው። እኚህ ሴት በማይሆን ሰዓት ሙቀጫ ይወቅጣሉ። በሰንበት ሳይቀር! ቄሱ በዓል ሻሩ ብለው ስግደት አዘዙባቸው፤ እሳቸው ግን አልተዉትም። እናቴ በሰማች ቁጥር «አስካለስ ለየላት!» ትላለች። ይህን የምትለው ጓዳችንን ዘግታ ነው።

እንዲህ ስንኖር የዘማች ምልመላ መጣ። ገበሬ ማኅበሩ ስብሰባ ጠርቶ ዝርዝሩ ሲነበብ የምንተስኖት ስም ተጠራ። ድምፅ በሚያስደነግጠው ልጅ እጅ ጠብመንጃ ሲገባ፣ በምሽግ ውስጥ ሲነሣበት ታየኝ። የሚምረው ማን ነው?

አባቴ በትራቸውን ተደግፈው ተነሡ።

«ጓድ ሊቀ መንበር፣ ልጄ ጤና የለውም» አሉ።

«ኧረ ጋሽ በላይ!» አለ ሊቀ መንበሩ። «ጠበል የሚመላለሱት ባለቤትዎ እንደሆኑ አገር ያውቃል። ደግፎ የሚወስዳቸውማ ልጁ አይደል? እናቱን የተሸከመ ጎረምሳ ጠብመንጃ አይከብደውም።»

እናቴ ሻሿን ከራሷ መዝልጋ «ጤነኛዋ እኔ ነኝ!» ብላ ጮኸች። ሰዉ ከንፈሩን መጠጠ። «ተነሣባት፣ ምስኪን» አለች አንዷ። ስንት ዓመት ያስተማርነውን ውሸት ሕዝቡ እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሉ ይዞታል። የሚያስተወው ሰው ጠፋ።

እትዬ አስካለ ነጠላቸውን አስተካክለው ብድግ አሉ።

«ልጁ ታሟል» አሉ። «ሲጮህ መንገደኛ እንዳይሰማ ሙቀጫ የምወቅጠው እኔ ነኝ። ባዶውን። እህቱ ትዳር ትያዝ ብዬ ነው። አባ፣ በዓል ሻርሽ ብለው ሲያሰግዱኝም ትንፍሽ አላልኩም።»

ቄሱ መሬት መሬት አዩ። ሙቀጫውንማ ያልሰማ፣ ያላማም አልነበረም። ሊቀ መንበሩ እስክሪብቶውን አንሥቶ ስሙን ሰረዘ። «ለጊዜው ነው» አለ። እኛም ሌላ ዝርዝር እስኪመጣ ድረስ ውሻ በጮኸ ቁጥር እንበረግግ ነበር።

ባል አገኘሽ ወይ አትሉኝም? ሊላኩልኝ የታሰቡት ሽማግሌዎች እዚያው ባሉበት ቀሩ። ከዓመታት በኋላ ሌሎች መጡ፤ ምንተስኖት ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ነበር፣ እሱው ግቡ አላቸው።

ቄሱ የቀረውን ስግደት ላንሣልዎት ቢሏቸው እትዬ አስካለ አሻፈረኝ አሉ፤ «በዓሉንማ ሽሬያለሁ» ብለው። እናቴም ምንም ሳይታዘዝባት መጥታ አጠገባቸው ትሰግድ ጀመር። ለምን እንደሆነ ለማንም አልተናገረችም። እኛ ቤት ግን እናውቃለን።